ሰላምታቸውን ነው የቆጠርኩት?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ቢሮ። የወንበሬ እግር ዛሬም ይነቃነቃል፤ ካርቶን አጥፌ ከሥሩ ወሸቅኩ። ሥራችን የሁለት አገር ልጆችን ኑሮ ማወዳደር ነው። እዚህ እኔ ቤት ለቤት እየዞርኩ እጠይቃለሁ፤ በወዲያኛው አገር ደግሞ አንዲት ባልደረባችን ትጠይቃለች። ውጤቱ ዛሬ ደረሰ። አለቃችን (በሌለበት «ቶሎቶሎ» የምንለው) መቀመጥ አቃተው።
«አየሽ? የነሱ ልጆች ከፍቶናል፣ ብቸኛ ነን ይላሉ። የኛዎቹ ሁሉም ደስተኛ! በለጥናቸው!»
ደረቴን ነፋሁ። ወዲያው አስከተለ፦ «እንግዲያው ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆችን የሚያዳምጥ ሰው እንቅጠር ያልነው ይቅር። ለማን ብለን?»
ደረቴ ተነፈሰ። ሁሉም ደስተኛ?... አንድ እንኳ የከፋው ልጅ ይጥፋ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ለባልደረባዬ ደወልኩ። እሷ ደግሞ በኛ ትቀናለች!
«ልጆቻችሁ ደጅ ሲጫወቱ ማን ይጠብቃቸዋል?»
«ያያቸው ሁሉ።»
«ታድላችሁ!» አለች። እዚያ ልጅ ከልጅ ጋር እንዲጫወት ወላጆች ቀጠሮ ይይዛሉ አሉ። «ግን ከፋኝ ለማለት አያፍሩም» አለችኝ። «ትምህርት ቤት ያስተምሯቸዋል።»
የኛዎቹስ ምን ተማሩ? «እንዴት ነህ» ሲባሉ «ደህና፣ እግዜር ይመስገን» ማለት። እንግዳ ፊት ሌላ መልስ ነውር ነው። እኔም «ደስተኛ» እያልኩ ስጽፍ ከረምኩ። ሰላምታቸውን ነው የቆጠርኩት እንዴ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
ልብስ ሰፊዋ ቤት ተመልሼ ሄድኩ። ያኔ ለሥራችን ዞሬ ልጇን ስጠይቅ የመለሰችልኝ እናቲቱ ነበረች፦ «ደስተኛ ናት! ምን ጎድሎባት?» ዛሬ ልጅቱን ደጅ አገኘኋት። ወረቀቴን ቦርሳ ከትቼ ገመድ ያዝኩላት።
«እንዴት ነሽ?»
«ደህና፣ እግዜር ይመስገን፣ ቲቸር።» (ቲቸር አይደለሁም ብላት በጄ አትልም።)
«ከጓደኞችሽስ የሚከፋው አለ?»
ዘለለች፣ ዘለለች... «አንዷ አለች። አባቷ ለሥራ ርቆ ከሄደ ወዲህ ተሸፋፍና ታለቅሳለች።»
«ለእናቷ አትነግርም?»
«ኧረ ቲቸር! እናቷ ስንቱን ትቻል? ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪናው ላይ እንዳቀረቀረች ነው።»
ጓደኛ ተብዬዋ ማን እንደሆነች ገባኝ። ለእናቷ ልንገር?... አይ። ሚስጥሩ የሷ ነው።
«ለጓደኛሽ ንገሪያት» አልኳት። «ልጅ ከከፋው ስፌት መኪና ይቆማል።»

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
ቶሎቶሎን በር ላይ ያዝኩት። እንደገና እንጠይቅ፣ ወላጅ በሌለበት፣ እየተጫወትን... አልኩት።
«አንቺ ልጅ፣ ያለቀ ነገር አትበጥብጪ!»
በሩን አልለቀቅኩም። «እርስዎ በልጅነትዎ ከፋኝ ብለው ያውቃሉ?»
መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው። ንጹሑን መነጽር ደግሞ ጠረገው።
«ማን ጠይቆኝ!»
ፈቀደልኝ!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12
ገመድ ስይዝ፣ ኳስ ስለቃቅም ዋልኩ። ለዚህ ደመወዝ ይከፈለኛል ብል ማን ያምነኛል?

ዓርብ፣ ኅዳር 19
በአዲሱ መልስ ማንንም አልበለጥንም። ቶሎቶሎ ትንሽ አኮረፈ፤ ግን ፈረመ። ልጆቹን የምታዳምጥ ሴት ተቀጠረች፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ክፍሏም ዛሬ ተከፈተ። ቀለሙ ገና ይሸታል።
ልብስ ሰፊዋ ልጇን ይዛ መጣች። እንዴት ነሽ አልኳት ልጅቱን።
«ደህና፣ እግዜር...» አለችና ቆመች። እናቷን ቀና ብላ አየቻት። «አይ። አባዬ ናፍቆኛል።»
እናቲቱ አሁን ዝም በይ ትላታለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ትንሿ የልጅ ወንበር ላይ ቁጭ አለች፤ ፊቷ ከልጇ ፊት ተስተካከለ።
«እኔንም» አለቻት።
ወጣሁና በሩን በቀስታ ገርበብ አደረግኩላቸው።