ጻድቁ አባታችን በግብር ከፋይነት ስለ መመዝገባቸው

ለተከበሩ የላይኛው ሾላ ቀበሌ ገቢ ሰብሳቢ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አርባ ምንጭ

የዓባያ ወበቅ በማይደርስበት ክፍልዎ፣ ማቀዝቀዣው ሳይታክት፣ ማኅተሙም ቀለም ሳይነጥፍበት፣ ክቡርነትዎ በሙሉ ጤና እንደሚገኙ ተስፋ እያደረግሁ፣ እኛም የአቡነ አረጋዊ የጽዋ ማኅበርተኞች የአገሩን ሙቀትና የጽሕፈት ቤትዎን ትጋት ታግሠን በሕይወት መኖራችንን በትሕትና አስታውቃለሁ።

ማኅበራችን ወር በገባ በዐሥራ አራተኛው ቀን በተራ ከአንድ አባል ቤት ይሰበሰባል፤ ጸሎት ይደርሳል፣ ዳቦና ጠላ ይቀርባል፣ በደጅ የቆመ ችግረኛም አብሮ ይበላል። ባለፈው ወር ተረኛዋ ወይዘሮ አሰፋሽ ነበሩ፤ እሳቸውም ባላቸው የሞተባቸው፣ ለጨንቻ ሸማኔዎች ጥጥ እየፈተሉ በአንዲት ክፍል ቤት የሚኖሩ እናት ናቸው። ባለሙያዎ አቶ ሶፎንያስ በዚያ ቀን በደጁ ሲያልፉ ይህን ሁሉ ሰው ሲበላ ቢያዩ፣ ያልተመዘገበ ምግብ ቤት ማግኘታቸውን ገብተው አበሠሩን። ከዚያ ወዲህ ስለ ተደረገልን ሁሉ ምስጋናችንን በተራ በተራ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ አቶ ሶፎንያስ የድርጅቱ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ሲጠይቁን፣ በሐሰት መናገር አይገባንምና አቡነ አረጋዊ ናቸው አልን። እሳቸውም «አቶ አረጋዊ» ብለው መዘገቡ፤ በሳምንቱም ባለቤቱ በአካል ቀርበው አሻራ እንዲሰጡ መጥሪያ ደረሰን። ጻድቁ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ከሰው ዓይን የተሠወሩ ናቸው፤ የተሠወሩበትም ምክንያት፣ አቅሜ በፈቀደ መጠን መርምሬ እንደ ደረስሁበት፣ ግብር ሽሽት አይደለም። ይህን ባስረዳም ቢያንስ ፎቶግራፋቸው እንዲቀርብ ስለ ታዘዝን፣ በዘንዶ ታዝለው ወደ ተራራው ሲወጡ የሚያሳየውን ሥዕል ላክን። ሥዕሉም ጀርባው ነጭ ስላልሆነና እንስሳ ስላለበት ተቀባይነት የለውም ተብሎ ተመለሰ። ዘንዶውን ቆርጠን ብናወጣው እንደሚሻል በመስኮት በኩል በቅንነት ተመክረን ነበር፤ ይሁን እንጂ ያለ ዘንዶው ጻድቁ እንዴት ከላይ እንደ ደረሱ ለምእመናን ማስረዳት ስለሚቸግረን ምክሩን ሳንጠቀምበት ቀርተናል።

ሁለተኛ፤ ከበሮና ጸናጽል በመታየቱ «ሙዚቃ ያለበት ምግብ ቤት» ወደሚባለው ደረጃ ከፍ ተደርገናል። ዜማ ፍለጋ ከደብር ደብር እየተንከራተትሁ ቁራሽ የለመንሁበት የወጣትነት ዘመኔ በመጨረሻ በመንግሥት ዘንድ ዕውቅና በማግኘቱ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ሦስተኛ፤ በደጅ የበሉት ችግረኞች «ደንበኞች» ስለ ተባሉ ለእያንዳንዳቸው ደረሰኝ እንድንቆርጥ ታዘናል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ዓይነ ስውሩ ጋሻዬ ይህን ሲሰማ፣ ደንበኛ ከሆነማ ባለፈው የቀረበለት ጠላ መቅጠኑን ጠቅሶ፣ አቤቱታውን በየትኛው መስኮት እንደሚያስገባ ጠይቆኛል። ጥያቄውን ወደ ክቡርነትዎ መርቼዋለሁ።

አራተኛ፤ ፈቃዱ እስኪወጣ ድረስ የወይዘሮ አሰፋሽ ቤት ታሽጓል። ሌላ ቤት የላቸውም። እንዝርታቸውና ባዘቷቸው በውስጥ ስለ ቀረ እጃቸውን አጣጥፈው በጎረቤት ማድቤት ያድራሉ። ከቀራጮች መካከል ሐዋርያ እንደ ወጣ ስለምናውቅ ሙያችሁን አንንቅም፤ እሱ ግን የባልቴት በር ስለ ማሸጉ የተጻፈ ነገር አላገኘሁም። ግብሩ የሚሰበሰበው ለውኃ መውረጃው ቦይ ጥገና እንደ ሆነ ተነግሮናል፤ ጥገናውም በጥናት ላይ ነው። የቦዩ ውኃ በበኩሉ ማሸጊያውን ሳያከብር በበሩ ሥር ገብቶ ይወጣል፤ እስካሁን ስለ መቀጣቱ አልሰማንም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። አቶ ሶፎንያስ ከቤቱ ሲወጡ ጽዋውን ለማስረጃ ብለው፣ በጽሕፈት ቤቱ ስም ፈርመው፣ በጉባኤው ፊት ተሸክመው ሄደዋል። በዚያን ጊዜ ሁላችን መንገድ መልቀቃችን ከፍርሃት የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ ከመደነቅ ነበር። በሥርዓታችን መሠረት በጉባኤው ፊት ጽዋውን ይዞ የወጣ ሰው የሚመጣው ወር ተረኛ እሱ ነውና። በዚህ ላይ ይግባኝ የለም፤ እኔም የማኅበሩ አለቃ ሆኜ ልሽረው ሥልጣን የለኝም። ስለዚህ በዚህ ወር በዐሥራ አራተኛው ቀን ከነካህናቱ፣ ከነከበሮውና ከነ«ደንበኞቹ» ከጽሕፈት ቤትዎ ግቢ እንደምንገኝ በአክብሮት እገልጻለሁ። ጋሻዬ ጠላውን ወፈር እንድታደርጉት ለምኗል።

የቀድሞው ተረኛ አዲሱን ማገዝ ወጋችን ስለ ሆነ ወይዘሮ አሰፋሽ ጠላውን ሊጠነስሱላችሁ ፈቃደኛ ናቸው። ችግሩ የማኅበሩ ጋንና ማሰሮ ሁሉ የሚገኘው በታሸገው ቤታቸው ውስጥ መሆኑ ነው። ጠላ ደግሞ መመሪያ አይደለም፤ በአንድ ቀን አይደርስም። እንግዳ ጾሙን እንዳይመለስባችሁ ካሰባችሁ በሩን ዛሬውኑ መክፈት ይኖርባችኋል፤ ከፍታችሁም የተቀመጠውን እንዝርት እንዳትረግጡ አደራ።

ለሥልጣንዎ ዘመን መርዘም፣ ለማኅተምዎ ዕረፍት ማግኘት ሌት ተቀን የምጸልይ፣

መሪጌታ ገብረእግዚአብሔር
የአቡነ አረጋዊ ማኅበር አለቃ፤ በመዝገባችሁ ደግሞ የምግብ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ

ማስታወሻ፦ ለድግሱ በጀት ያጠራችሁ እንደ ሆነ ሳታፍሩ ንገሩን። በእኛ ዘንድ ተረኛው ያጣ እንደ ሆነ አዋጥተን እንደግስለታለን እንጂ ቤቱን አናሽግበትም። ጋሻዬ ከወዲሁ ከምዕራብ ዓባያ ሙዝ ለምኖ ሊያመጣላችሁ ቃል ገብቷል።