አልንቀሳቀስ ያለው ፓንጎሊን

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣ ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ተሠራ። አባትሽ ግን አሁንም ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ አዞ ጠባቂ ናት» ይላል። ፓንጎሊን ቅርፊት ቢኖረውም ጉንዳን በል ነው ብዬ ብነግረው ማን ሰምቶኝ!

ከሕገወጥ አዘዋዋሪዎች እጅ አስጥላችሁ ጫካ የለቀቃችሁት፣ ከቦታው አልንቀሳቀስ ያለው ፓንጎሊን፣ እንዴት ሆነ? ጀርባው ላይ ያሰራችሁት መከታተያ መሣሪያ አንድ ቦታ መቅረቱን ካሳየ ወይ ሞቷል፣ ወይ ፈርቶ ተጠቅልሏል፤ ጉድጓዱ ድረስ ሄዶ ማየት ነው ብለሽኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፅሽ ጠፋ። አንቺም ከልጅነትሽ ጀምሮ ሲከፋሽ ተጠቅልለሽ ዝም ነው። እኔ ደግሞ ጉድጓድሽ ድረስ መምጣት አልችልም።

ካለሽበት በደህና ያኑርሽ። ብቻ እባክሽ እናቴ፣ ትንሽ ተንቀሳቀሺልኝ።