ማጣሪያውን እንዳታጥቢው

ሔርሚ፣

ዛሬ ሎጁ ስትገቢ የሙቅ ውሃ ገንዳውን ማጣሪያ እንዳታጥቢው። ሥራ አስኪያጁ «ቶሎ አጥበሽ መልሺው» ይልሻል። እሺ አትበዪው፤ ለምርመራ ይፈለጋል። ሞተሩን አጥፍቼዋለሁ፣ ማንም እንዳያበራው።

እሁድ ገንዳው ውስጥ የነበሩት ሽማግሌ በሳልና በትኩሳት ሆስፒታል ገብተዋል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ባለቤታቸው።

ማጣሪያው ሦስት ሳምንት አልታጠበም። ዝልግልግ ብሎ ይሸታል፤ በሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሳንባ የሚገባ ይመስለኛል። ተራው የእኔ ነበር።

የጽዳት መቆጣጠሪያው ወረቀት ላይ «ታጥቧል» ብዬ የፈረምኩት ግን በአንቺ ስም ነው።

አንቺ ስትቀሪ ስንቴ ሸፍኜልሻለሁ። ቢሆንም ይሄ አይገባሽም ነበር።

ሁሉንም ለሐኪሞቹ ልነግራቸው ሄጃለሁ። እኔንም ከትናንት ጀምሮ ያስለኛል።

ቅዳሜ እንግዶቹ ሲወጡ ገንዳው ውስጥ ስትገቢ አይቼሽ ዝም አልኩ።

ትኩሳት ከተሰማሽ ሥራውን ተዪውና ቶሎ ወደ ሆስፒታል ነይ።

ምሥጋና