ስለ አባባ ስምና ስለ ግትሯ በቅሎ

ለማከብርዎና ለምወድዎ ታላቅ እህቴ ለእትዬ የሺሃረግ አስማማው፣
ፍኖተ ሰላም።

እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ የሚነሳብዎ የወገብ ሕመምስ ዘንድሮ ማረዎት? የጋሽ ብርሃኔ ስኳር ተስተካከለላቸው? ሊውልና ፋንታዬ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሱ ወይስ በዚህ በኮሮና ምክንያት እንደኛዋ ልጅ ገና እቤት ናቸው? ጎረቤቱስ፣ ከብቱስ? እኛን ለክፉ አልሰጠንም፤ ባለቤቴ ጽጌወይንም ልጃችን ሀሌታም ደኅና ናቸው። እኔም በአካሌ ደኅና ነኝ፤ ቁጭ ማለት ግን አቅቶኛል። ይህን እንኳ የምጽፍልዎ በየመሀሉ እየተነሳሁ፣ ግቢውን እየዞርኩ ነው።

በስልክ ያልነገርኩዎ ሆን ብዬ ነው። በስልክ ስናገር እቆጣለሁ፣ ስቆጣ እጮኻለሁ፣ እርስዎም "ምን ሆነህ ነው ልጄ?" እያሉ ይደነግጣሉ፤ ከዚያ መስመሩ ይቆረጣል። ነገሩ የአባባ ስም ነገር ስለሆነ በእርጋታ እንዲያነቡትና እርስዎው እንዲፈርዱበት ፈለግሁ። ጎረቤታችን ብርቅታይት ወደ አገር ቤት ስለምትሄድ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ።

ከመነሻው ልጀምር። እንደሚያውቁት በኮሮና የተዘጉት የላስ ቬጋስ ካዚኖዎች እንደገና ቢከፈቱም ወደ ሒሳብ ክፍሉ ሥራዬ አልጠሩኝም። አሁን ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት እየወሰድኩ በየሰው በር የማደርስ ሾፌር ነኝ። ከምንኖርበት ከስፕሪንግ ቫሊ ተነስቼ በከተማው ሌላ ጫፍ እስካለው እስከ ዊትኒ ድረስ ስዞር እውላለሁ። የሰጡኝ መኪና የሬዲዮው ቁልፍ ተሰብሮ አንድ ጣቢያ ላይ ቀርቷል። ድምፁን መቀነስ እንጂ ማጥፋት አይቻልም። ጣቢያው የካንትሪ ሙዚቃ ጣቢያ ነው፤ የከብት አርቢና የጭነት መኪና ሾፌር ዘፈን፣ የተከዳ ባል፣ የሞተ ውሻ። ዘፈኑስ ይሁን፤ አንዳንዱማ እንደኛ አገር እንጉርጉሮ ሆድ ያባባል። ያበገነኝ ቀልዳቸው ነው።

ጣቢያው ራሱን "ግትሯ በቅሎ" ብሎ ሰይሟል። በመኪናቸው ጣሪያ ላይ ሁለት ረጃጅም የቆርቆሮ ጆሮዎች ተክለዋል። አድማጩን "መንጋው" ይሉታል፤ የአየር ጠባዩን "የጋጣ ወሬ" ይሉታል። ሰዓት በሞላ ቁጥር ደግሞ እንደ ሌላው ጣቢያ ደወል አይሰማም፤ በቅሎዋ ታናፋለች። በእኛ አገር የሙሽራና የመኳንንት የነበረች እንስሳ ምን በድላ ለዚህ እንደበቃች እንጃ። ይህንንም በሆዴ ይዤው ነበር። ዝም ማለት ያቃተኝ ሰዓቷን ጠብቃ አለማናፋቷ ነው። ሰዓት እናገራለሁ ብሎ የወጣ ሰዓት ያክብር! በቅሎዋን አምኜ ለአንድ በሽተኛ መድኃኒት አዘገየሁ፣ ከአለቃዬም ተግሣጽ ተቀበልኩ።

ስለዚህ ደወልኩ። ሰው አላነሳም፤ ማሽኑ መልእክት አስቀምጥ አለኝ። አባባ እንዳስተማሩን ስሜን ከነአባቴ ተናገርኩ፣ ስህተታቸውን በሥርዓት ገለጽኩ፣ "በአሠራራችሁ አልተደሰትኩም" ብዬ ዘጋሁ።

በማግሥቱ ሼሊ የምትባለው የጠዋት አቅራቢያቸው ድምፄን አየር ላይ አዋለችው። ቀጠለችና "መንጋው ሆይ፣ ሚስተር አስማማው አልተደሰቱም!" አለች፤ በቅሎዋም አናፋች። መኪናዋን ዳር አውጥቼ ፓርክ አደረግሁ። እዚህ አገር ሰው በአክብሮት የሚጠራው በኋለኛው ስሙ መሆኑን ያውቃሉ። ስለዚህ የቀለዱት በእኔ ነው፤ የጠሩት ግን አባባን ነው።

ያንን ስም እኮ ነው፣ እትዬ! የገበያ ሚዛን ተቆጣጣሪ ሆነው ሲሠሩ ገና ከሩቅ ሲታዩ ስንት ነጋዴ የሚዛኑን ድንጋይ ያስተካክል እንደነበር እርስዎ ከእኔ በላይ ያስታውሳሉ። ጤፍ የሚሰፍር ሁሉ "የአስማማው አምላክ ይመስክርብኝ" እያለ ይምል ነበር። ይኸው ስም አሁን በጎማና በቢራ ማስታወቂያ መካከል ተቀምጦ ይናፋበታል።

እንደገና ደወልኩ፤ ይቅርታ ጠይቁ አልኩ። እሱንም አሰሙት፤ "ሚስተር አስማማው ዛሬም አልተደሰቱም!" ብለው በቅሎዋን ሁለቴ አስናፏት። ለሕግ እንደማቀርባቸው ብነግራቸው ያንን በጊታር አጅበው አወጡት። ጽጌወይን "አንተ ሰው፣ ለእሳቱ ጭድ የምታቀብለው እኮ አንተው ነህ። ዝም ብትል በቅሎዋም ዝም ትል ነበር" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ግን ስህተት እየሰማሁ ዝም ማለት ከማን ተምሬ?

ይባስ ብሎ ባለፈው ሳምንት ሼሊ ራሷ ደወለችልኝ። በትሕትና ነው ያናገረችኝ፤ ልቆጣባት ተዘጋጅቼ ነበርና ትሕትናዋ የበለጠ አናደደኝ። "አስማማው አልተደሰቱም" የሚል ጽሑፍ ከበቅሎዋ ሥዕል ጋር አሳትመን መኪና ላይ የሚለጠፍ ለአድማጩ ልናድል ነው፣ ያለ ፈቃድዎ ግን አናደርገውም፣ አይሆንም ካሉም ከእንግዲህ ስሙን አናነሳም አለችኝ። አይሆንም ለማለት አፌን ስከፍት ሀሌታ ከክፍሏ ወጥታ በእጇ "ቆይ፣ ቆይ" አለችኝ። ስልኩን ሳልዘጋ ያዝ አደረግሁት።

"አባዬ፣ ኖ አትበል፣ ፕሊስ" አለችኝ። "የሰው መሳቂያ ሆነን እንቅር ወይ? የአያትሽ ስም ነው!" ብዬ ጮኽኩባት። እሷም "የእኔም ስም ነው እኮ!" አለችኝ። እውነት ነው፤ እዚህ በወረቀት የእሷም የኋላ ስም አስማማው ነው። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ያለችኝን እንዳለ ልጻፍልዎ፦ "ከትንሽ ልጅ ጀምሮ ቲቸር ስም ሲጠራ እኔ ጋ ሲደርስ ዝም ይላል። ወረቀቱን ያያል፣ እኔን ያያል። ሶሪ እንዳይል ብዬ እኔ ቀድሜ እጄን አወጣለሁ። ሁልጊዜ፣ አባዬ። አሁን ግን ጋዝ ስቴሽን ያለው ካውቦይ እንኳን አስማማው ማለት ይችላል። ለምን ታስቆማቸዋለህ?"

እትዬ፣ ይህንን ሁሉ ዓመት ይህን አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም። ስልኩን አንስቼ ለሼሊ እንዲህ አልኳት፦ ስሙ የእኔ አይደለም፤ ባለቤቱ በሕይወት የሉም፣ የበኩር ልጃቸው ግን አለች፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ናት፣ እሷ ሳትፈቅድ እኔ እሺም እንቢም ማለት አልችልም። እናስባለን ብላ ትዘጋለች ብዬ ነበር። ለካስ የማላውቃት ሴት ናት! በማግሥቱ ጠዋት "መንጋው ሆይ፣ ሚስተር አስማማው ዝም ብለዋል። ከታላቅ እህታቸው ደብዳቤ እየጠበቅን ነው!" ብላ አወጀች፤ በቅሎዋም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብላ አናፋች። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ "ደብዳቤው መጣ?" ይባላል። ሐዲስ፣ ያ የታክሲ ሾፌር ጓደኛዬ፣ ትናንት በመስኮት ብቅ ብሎ "ጋሽ መዝገቡ፣ እትዬ የሺሃረግ ምን አሉ?" አለኝ። ስድቤን ጠጥቶ እየሳቀ ሄደ።

እንግዲህ ይፍረዱ። የእኔ ሐሳብ እንቢ ነው፤ ሲቀለድበት መስማት አልችልም፣ ሲቀር ደግሞ ልጄ ያንን እጇን እንደገና ስታወጣ ይታየኛል፣ በሁለቱ መካከል እንቅልፍ አጣሁ። እንቢ ካሉ ዛሬውኑ አስቆማለሁ፤ ለሀሌታም እኔው እነግራታለሁ። እሺ ካሉ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ፦ በቅሎዋ ሰዓቷን ጠብቃ ታናፋ። የአባባ ስም ያለበት ነገር ጎዶሎ ሊለካ አይገባም። ይህን ለሼሊ ሳልነግራት አልቀረሁም፤ "ለእሱስ የእህትዎ ፈቃድ አያስፈልግም" አለችኝ፣ እስካሁን ግን አላስተካከለችም።

ጋሽ ብርሃኔን ጉልበታቸውን ስመው ሰላም ይበሉልኝ፤ ስኳራቸውን በየጊዜው ይለኩ። ሊውል ሒሳብ ላይ እንዳይሰንፍ፣ ፋንታዬም ያቺን ውብ ጽሕፈቷን እንዳትተው ይንገሩልኝ። ጽጌወይን አንገትዎን አቅፋ ስማዎታለች። ሀሌታም "አክስቴ፣ ፕሊስ" ብላለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ሚካኤል ሲሄዱ አባባ መቃብር አጠገብ መቆምዎ አይቀርም፤ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ስለ በቅሎዋ ግን ፍርድዎን ሳይጨርሱ እንዳይነግሯቸው፤ እሳቸው እንደሆኑ ሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ አይፈርዱም፣ ሀሌታን ደግሞ ገና አልሰሟትም።

ታናሽ ወንድምዎ
መዝገቡ አስማማው
ላስ ቬጋስ፣ ስፕሪንግ ቫሊ
ጥር ፲፭ ቀን ፳፻፲፫ ዓ.ም.