የመጨረሻው እጣቢ

ጥቅምት 3

የአሥራ አራት ቁጥሯ ላም ወተት ዛሬም ለምርመራ መጣ። ያው ረጋ ረጋ ያለ። ሦስተኛ ጊዜዋ። መድኃኒት ትወጋለች፣ ወተቷ ይጠራል፣ ወር ሳይሞላ ጡቷ ያብጣል። የላቦራቶሪያችን ኃላፊ፣ ዶክተሩ፣ ምክንያቱን አውቆ ጨርሷል፤ «አላቢዋ እጇን አትታጠብም።» ምስኪኗን ከበረት አባረሯት።

እኔ ግን... ባክቴሪያው መጀመሪያውኑ ከላሟ ወጥቶ ባያውቅስ?

ጥቅምት 6

አርባ አንድ! ደግሜ ቆጠርኩ። አርባ አንድ ነጭ ነጠብጣብ፣ ሳህኑ ላይ።

ትናንት የላሟን ነጭ የደም ህዋሶች፣ ባክቴሪያ እየዋጡ የሚገድሉትን ዘበኞች፣ ከባክቴሪያው ጋር አገናኘሁ። ከዚያ መድኃኒቱን ጨመርኩ። ውጭ የቀረውን ይፈጃል፣ ወደ ህዋሱ ውስጥ ግን አይዘልቅም። ሦስቴ አጥቤ፣ ህዋሶቹን ሰባብሬ፣ ባክቴሪያ ማብቀያው ሳህን ላይ ዘራሁ። በቀለ! ዘበኛው ውጦታል እንጂ አልገደለውም። ሌባው ዘበኛው ሆድ ውስጥ ጎጆ ወጥቷል።

ዶክተሩ ሳህኑን ወደ መስኮቱ አነሳና፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ «ይሄ ግኝት አይደለም፣ እጣቢ ነው። በደንብ ላላጠበች ሰው ሁሉ ነገር ይበቅልላታል» አለ። ሳቁ። ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ፦ «በግዴለሽነቴ ሥራውን አበላሽቻለሁ» ብዬ እስከ ቅዳሜ ልፈርም። አለዚያ ስንብት።

ጥቅምት 7

አልፈርምም። ከፈለገ ይሰንጠቅ!

ያጠብኩበትን የመጨረሻ ውሃ በብልቃጥ አስቀምጬ ነበር። እሱ ሲዘራ ምንም ካልበቀለ፣ ሳህኑ ላይ ያለው ከህዋሱ ውስጥ የወጣ ነው። ሌላ መንገድ የለውም። ሄጄ ብፈልግ... የለም። ዕቃ አጣቢዋን እትዬን ጠየቅኳቸው።

«እጣቢ ብለሽ የጻፍሽበትን? ደፋሁታ!»

«እትዬ! ለምን?»

«የኔ እመቤት፣ እጣቢ ምን ይደረጋል? ይጠጣል?»

ምን እላቸዋለሁ? የሱን ስድብ እኔው ቀድሜ ብልቃጥ ላይ ጽፌዋለሁ።

ጥቅምት 8

አዲስ ህዋሶች ከባክቴሪያውና ከመድኃኒቱ ጋር አሰናድቼ ዶክተሩ ጋ ገባሁበት። ሰው ሁሉ ፊት፣ እንደሱው።

«ዶክተር፣ የኔ እጅ ቆሻሻ ከሆነ በእርስዎ እጅ ይታጠብ።»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ከዕድሜሽ በለጠ!»

«ምላሴንም አብረው ይጠቡልኝ» ልለው ነበር። ዋጥኩት።

እጅጌውን ሰበሰበ። «እኔ ባጠብኩት አንድም አይበቅልም!» ሦስቴ አይደለም፣ አምስቴ አጠበ። ህዋሶቹን ሰባብሮ አንድ ሳህን ላይ፣ የመጨረሻውንም ውሃ ሌላ ሳህን ላይ ራሱ ዘራ። መዝገቡ ላይ «ያጠበው» ከሚለው ሥር ፈረመ። እትዬ በር ላይ ቆመው፣ «ይሄንንስ ልድፋ?»

«እንዳይነኩት!»

ጥቅምት 9

ሳህኖቹ ማሞቂያው ውስጥ ናቸው። ቁልፉ እሱ ጋ። ባይበቅልስ?

ጥቅምት 10

የእጣቢው ሳህን፦ ባዶ። አንድ እንኳ የለበትም።

የህዋሶቹ ሳህን፦ ሠላሳ ስምንት።

ዶክተሩ ሁለቴ ቆጠረ። ማንም አልሳቀም። ይቅርታ? ከየት መጥቶ! «ሪፖርቱን እናስተካክላለን» ብቻ አለ። እናስተካክላለን... ደብዳቤውን ሳልፈርም መዝገቡ ውስጥ፣ ከፊርማው ጎን ለጠፍኩት።

ከዚያ አላቢዋ ጋ ደወልኩ። «እጅሽ ንጹህ ነው። በሽታው ላሟ ውስጥ ነው የተደበቀው» አልኳት።

«እኔማ የገዛ እጄን መቼ አጣሁት? ለነሱ ንገሪልኝ።»

«ነግሬያቸዋለሁ» አልኳት። «ያውም አስፈርሜ።»