አምስት እግር ጎመንዘር

ጌጡዬ፣ የቤቴ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል ነው የምጽፍልህ፤ ብትስቅ ሳቅ። ልጃችን አስተማሪ ሆና ዓለም ከተማ ተመደበች። ወደ ሞላሌ የሚወስደው መንገድም ጠጠር ለብሷል። እኔ ብቻዬን ነኝ። ሳነጥስ እንኳ ይማርሽ የሚለኝ የለም።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ያ የጎመንዘር ዘርህ አለቀ። የድሮው ጎመንዘር ዘይት ለልብ የማይስማማ ቅባት ይበዛበታል ብለው የምርምር ሰዎች የሰጡህ፣ ያ ቅባት የሚያንስበት ዘር። ከሌላው እንዳይዳቀል አራት ዓመት ስትጠብቀው፣ ፍሬውን በፖስታ እየላክህ ስታስመረምረው የኖርከው። ለአርባህ እህትህ ዘነበች ከጎረቤት ሴቶች ጋር ድግሱን ስታሰናዳ ዘሩ ያለበትን ቅል አወረደችና የምጣድ ማሰሻ ብላ ወቀጠችው። ምን ታድርግ? ጎመንዘር በኛ አገር ለዚያ አይደል! እኔ ደግሞ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ሽታው እየመጣብኝ አልነቃሁም። አፈር በበላሁ!

ደግነቱ ሲወቅጡ ፍሬ ተፈናጥሮ ኖሮ፣ ክረምት ሲገባ ከማድቤቱ ደጃፍ አምስት እግር በቀለ። ያንተ ይሁን የጓሯችን ተራ ጎመንዘር በዓይን አይለይም። በሕይወት ሳለህ፣ ጎመን እንደ ሙሽራ ትሸፍናለህ እያልኩ ስቀልድብህ አልነበር? አበባው ሳይፈነዳ እኔው ራሴ እያንዳንዱን በነጠላ ቅዳጅ ሸፈንኩት። ፍሬው ሲደርስ በአምስት ወረቀት ለያይቼ ጠቅልዬ በግብርና ሠራተኛው እጅ ለምርምር ሰዎቹ ላክሁት። መልሱ እስኪመጣ እህል አልወርድልህ አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ የዘይቱ ነገር አይደለም ያስጨነቀኝ። በእጅህ ካለማኸው ሁሉ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር።

ከአምስቱ አንዱ ያንተ ሆኖ ተገኘ! ዘንድሮ ከሰው ማሳ አርቄ ታች ወንዙ ዳር ዘራሁት። የበቀለ ዕለት ጠዋት ደስታዬ ልክ አጣና፣ ወደ ቤት ዞሬ ና እይ ብዬ ስምህን ጠራሁ። ሁለቴ ጠራሁህ። ለምን አይወጣም ብዬ ቆሜ ስጠብቅ ነው ያስታወስኩት።

በየዓመቱ እዘራዋለሁ፣ ቃሌ ነው። አስቢኝ ካልከኝማ፣ አንተን ማሰብ መች ቸገረኝ ጌጡዬ፤ የምረሳው መሞትህን ነው።