ከሰማይ የሚወርደው ሰውዬ

መርሳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ጎረቤታችን ሾፌሩ ሙሄ ከአሰብ ያመጣልኝ የእጅ ጌም ዛሬም ከእማዬ እጅ አልወጣም። በመስታወቱ ውስጥ ትንሽ ሰውዬ ከሰማይ ይወርዳል፤ የተጫዋቹ ሥራ ቁልፉን እየተጫነ ጀልባ ከሥሩ ማድረስ ነው። ሌላ ነገር የለውም። እኔን በሁለተኛው ቀን ሰለቸኝ።

እማዬ ግን "ቢስሚላህ" ሳትል አትጀምርም። ሰውዬው ውሃ ውስጥ ሲገባ "ኢና ሊላሂ" ብላ ፊቷን ታዞራለች። ቁልፉን ስጫንላትና እንደገና ከላይ ብቅ ሲል "አልሐምዱሊላህ፣ መጣ!" ብላ ትስቃለች። ወንድሜ ሰኢድ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ጌሙ ደከመ፤ ሰውዬው ደበዘዘ። ባትሪ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ ባሰጣውም አልነቃም። እማዬ ተነስታ ከጌሙ ጋር ልካቸው አንድ የሆኑትን የሬዲዮኑን ድንጋዮች አወጣች። ክው አልኩ። የጦር ሜዳው ወሬ እንዳያመልጣት ሬዲዮኑን ማንም እንዲነካ የማትፈቅድ ሴት!

"እማዬ፣ የማታውን ዜናስ?" አልኳት።

"ተይው ልጄ። እዚያ የወደቀ ተመልሶ ሲመጣ ሰምቼ አላውቅም" አለችና ጌሙንም ድንጋዮቹንም አስታቀፈችኝ። "እንኪ፣ ክተችልኝ።"

ቢስሚላህ ብዬ ከተትኳቸው።